የገቢሳ እጅ

ገቢሳ ሁለት ጊዜ ሳለ።

ኤቢሴ መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ አኖረች፤ መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተች፤ ፈትታ ስትሠራበት የነበረውን ቦርድ ቴሌቪዥኑ ሆድ ውስጥ መልሳ አጋደመችና በመጋረጃው ጎን ሹልክ ብላ ወጥታ መጥረጊያ አነሣች። ሰው ሲመጣ ሁልጊዜም እንዲህ በሳል ነው የሚነግራት፤ ለምዳዋለች።

የገባው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ድምፅ ያቆመ ስፒከር በፌስታል ይዟል።

“ኦቦ ገቢሳ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?” ብሎ እጁን ዘረጋ።

“ነኝ። ይቅርታ ልጄ፣ እጄ ቆሽሿል” አለና ገቢሳ ከወንበሩ ሳይነሣ ቀኝ ትከሻውን ሰጠው። ልጁም ጎንበስ ብሎ በትከሻ ሰላም አለው።

እጁ እውነትም ቆሽሿል። ያቆሸሸችው ኤቢሴ ናት። ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን ጊፍቲን ወደ ትምህርት ቤት ከሸኙ በኋላ፣ ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት፣ የባሏን ቀኝ እጅ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ግራሶ ትቀባዋለች። በጥፍሮቹ ሥር፣ በጣቶቹ መሃል፣ መዳፉ ላይ። ከዚያ በጣቶቹ መሃል ካቻቢቴ ሰክታ እጁን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ታስተካክለዋለች። ይህ ሁሉ ሰው ያንን እጅ እንዳይጨብጥ ነው። የጨበጠ ሰው እጁ ምንም እንደማይመልስለት ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ያወራል። ቴሌቪዥን ጠጋኝ ግራሶ ከየት አመጣ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰው መቼም የቆሸሸ እጅ ካየ ሥራ አለ ብሎ ያምናል።

“መቼ ልምጣ?” አለ ተማሪው።

“ነገ ከሰዓት ብቅ በል። እኔ ራሴ አየዋለሁ።”

“ጓደኞቼም የገቢሳ እጅ ካላስነሣው ማንም አያስነሣውም ነው ያሉኝ።”

ገቢሳ በግማሽ ከንፈሩ ፈገግ አለ። ኤቢሴ የጠረገችውን መሬት ደግማ ጠረገችው።

ገቢሳን ስትሮክ የመታው ከፋሲካ ማግሥት ነው። ለሕክምና ከአምቦ አዲስ አበባ ተወስዶ ሰነበተና ተመለሰ። አንደበቱ ከትንሽ መንተባተብ በኋላ ተስተካከለለት፤ እግሩም በከዘራ መራመድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለጎረቤትም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም “ግፊት ነው፣ ጌታ ይመስገን ተሽሎታል” ተባለ።

ሥራውን የያዘችው ኤቢሴ ናት። የት ተማረችው ቢባል እዚያው ሱቁ ውስጥ። ከተጋቡ ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪ ይዛ የምታበራለት እሷ ነበረች፤ ገቢሳ ደግሞ ሲሠራ አፉ አያርፍም። “ይኸውልሽ፣ ይህች አናቷ ካበጠ አለቀላት” “ይህችን አትመኚያት፣ ደህና መስላ ታታልላለች” እያለ የቦርዱን ዕቃዎች እያሳያት ያወራል። ያወራው ሁሉ እሷ ጋር ቀርቷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር የምትሠራው። ያን ጊዜ አንድ ሰውዬ ቴሌቪዥኑን ይዞ መጥቶ፣ እሷን አይቶ፣ “ግዴለም፣ ኦቦ ገቢሳ ሲመለስ አመጣዋለሁ” ብሎ ወጣና በቀጥታ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሌላው ጠጋኝ፣ ወደ ናትናኤል ሄደ። ሌላም እንደዚያው አደረገ፤ ሌላም። ከዚያ በኋላ ነው መጋረጃው የተሰቀለው። የማን ሐሳብ እንደ ነበር አሁን ሁለቱም አያነሡትም።

ተማሪው ሲወጣ ኤቢሴ መጥረጊያውን ጥላ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለችው ጓዳ ተመለሰች። ዛሬ ጊዜ የላትም። የጋሮማ ቴሌቪዥን ጠረጴዛው ላይ ጀርባው ተከፍቶ ቆሞ ይጠብቃታል።

የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው የሆነው ጋሮማ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ ፔንሲዮን አለው። ባለፈው እሑድ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከመጠን በላይ ሆኖ መጣና የፔንሲዮኑን ቴሌቪዥኖች በሙሉ ጸጥ አሰኛቸው። ትናንት አንዱን አቅፎ መጥቶ፣ “ኦቦ ገቢሳ፣ ይህን አስነሡልኝ። ይህ ከተነሣ የሌሎቹም በሽታ አንድ ነው፣ ሁሉንም ለእርስዎ ነው የማመጣው። ካልሆነ ናትናኤልም እየደወለልኝ ነው” ብሏቸው ሄደ። የሱቁ አከራይ ደግሞ ቤቱን ለልብስ ነጋዴ ለማከራየት ካሰበ ቆይቷል፤ ኪራይ በዘገየ ቁጥር ይህንኑ ያስታውሳቸዋል። የጋሮማ ሥራ ከተገኘ ሱቁ ይቆያል። ካልተገኘ ኤቢሴ ዕቃውን ጭና ባኮ ከተማ፣ እህቷ ወርቅቱ ጋር ከመግባት ሌላ የሚታያት ነገር የለም። ባኮ ደግሞ ገቢሳን ቴሌቪዥን ጠጋኝ ብሎ የሚያውቀው ሰው የለም፤ እዚያ ሲሄድ በሽተኛ ብቻ ነው የሚሆነው። ይህንን ስታስብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ገቢሳ ከዘራውን ተደግፎ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

“ምን አገኘሽ?”

“ፊውዙ ሄዷል። ከዳዮዶቹ ሁለቱ፣ ትልቁ ትራንዚስተርም አብሮ። ሁሉንም ቀይሬያለሁ።”

“በአምፖል ሞከርሽው?”

“ሞከርኩት።”

የአምፖሉን ነገር ያስተማራት እሱ ነው። የተጠገነ ቦርድ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም፤ መሃል ላይ አምፖል ይገባል። ቦርዱ ውስጥ ያልታየ ችግር ካለ አምፖሉ ቦግ ይልና መዘዙን እሱ ይቀበላል፤ ሌላው ዕቃ ይተርፋል።

“አምፖሉ ደህና ነው” አለች ኤቢሴ፣ “ግን የሚያወጣው ቮልቴጅ አይረጋም። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ኦፕቶዋን ጠርጥሬያታለሁ።”

“አውጪያታ።”

ኦፕቶ የሚሏት ባለ አራት እግር ጥቁር ዕቃ ናት፤ ከባቄላ ፍሬ ታንሳለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ ቮልቴጁ የሚፈለገው ላይ ሲደርስ ለቦርዱ “በቃህ” ማለት። እሷ ከሌለች ቦርዱ ማቆሚያ የለውም፤ የሚሰጠውን መጠን እየጨመረ ሄዶ የሚቀበለውን ሁሉ ያቃጥላል።

ኤቢሴ መበየጃውን ስታነሣ ገቢሳ ግራ እጁን ዘረጋ። “እስቲ ስጪኝ። እኔ ልንቀላት።”

ሰጠችው። ምን ትበለው? የመበየጃው ጫፍ ኦፕቶዋን ስቶ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቦርዱን ይዛ የነበረችውን የኤቢሴን ጣት ነካ። ጣቷን ሳትሰበስብ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ እሱ ግን የቆዳውን ሽታ አወቀ። መበየጃውን መልሶ ሰጣት።

“ምንም አይደለም” አለች።

“ምንም አይደለም አትበይ። ለሁሉም ነገር ምንም አይደለም ትያለሽ።” ከዘራውን አነሣ። “እኔ አሁን ሳል ብቻ ነኝ፣ ኤቢሴ። ሰው ሲመጣ ለመሳል ነው ወንበር የተሰጠኝ።”

“የሚመጣው ሰው አንተን ብሎ ነው የሚመጣው። ስምህ ነው የሚያበላን፣ የጊፍቲ አባት።”

“ብሉታ። ስሜን ብሉ።”

እየጎተተ ወጣ። ኤቢሴ እንባዋ መጣባት፤ ግን መነጽር አድርጋ ማልቀስ አይመችም፣ ደግሞም ጊዜ የለም። ጣቷን መጥጣ ሥራዋን ቀጠለች። ኦፕቶዋን ነቀለች፣ ለካቻት፣ ሞታለች። ከመደርደሪያው ሥር ካሉት አሮጌ ቦርዶች መሃል ተመሳሳይ ፈልጋ አገኘች፤ እሷንም ነቅላ ለካቻት፣ ደህና ናት። ቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠቻትና ቦርዱን ለመበየድ መገልበጥ ስትጀምር ከበሩ የባጃጅ ድምፅ፣ ከባጃጁ ድምፅ ላይ ደግሞ የገቢሳ ሳል ተሰማ።

ያው የተለመደው። መበየጃው ወደ ማስቀመጫው፣ መነጽሩ ወደ ኪስ፣ ቦርዱ ወደ ቦታው። ወጣች። ኦፕቶዋ ወረቀቱ ላይ ቀረች።

“አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ገቢሳ?” የጋሮማ ድምፅ ነው። ከቀጠሮው ቀድሞ መጥቷል። በሩ ላይ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ቴሌቪዥኖቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተደርድረዋል።

“ነጋ፣ ደህና ነን። ምነው ቸኮልክ?”

“ሥልጠና የመጡ ሰዎች ክፍሎቹን በሙሉ ይዘውብኛል። ማታ ኳስ አለ፤ ቲቪ የሌለበት ክፍል ምን ክፍል ነው እያሉ ራሴን አዞሩት። ያው እርስዎን አውቅ የለ፣ ተነሥቶ ይጠብቀኛል ብዬ ሌሎቹንም ጫንኳቸው። አዴ ኤቢሴ፣ እንዴት ነዎት? ልጅ ደህና ናት?”

“ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኦቦ ጋሮማ፣ ትንሽ ቢቀመጡ…”

“መቀመጫ ጊዜስ የለኝም። ተነሣ?” ጋሮማ ወደ ገቢሳ ዞረ።

ገቢሳ ወደ መጋረጃው ተመለከተ። በመጋረጃው ክፍተት ቦርዱ ቦታው ላይ ተኝቶ ይታያል። ኤቢሴ ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ ቦርዱን እንደምትመልስ ያውቃል፤ የሱቃቸው ሥርዓት ነው። ግን አሁን ይህ ትዝ አላለውም፤ ወይም ትዝ እንዲለው አልፈለገም። እሱ ከጓዳው ከወጣ በቂ ጊዜ አልፏል፣ ጨርሳለች ብሎ ወሰነ።

“ተነሥቷል” አለ። “ና ግባ፣ ራስህ እየው።”

እስከ ዛሬ መጋረጃውን አልፎ የገባ ደንበኛ የለም። ኤቢሴ ባሏ በከዘራው ጫፍ መጋረጃውን ገፍቶ ሰውዬውን ሲያስገባ አየች። ተከትላቸው ገባች። ገቢሳ ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ በግራ እጁ የቦርዱን ገመድ ምስሉን ከሚያወጣው ዋና ቦርድ ጋር አያያዘ። ይህችስ ቀላል ናት፣ ግራ እጅም ይበቃታል። ቀኝ እጁን ጃኬቱ ኪስ ከትቶታል።

“የጊፍቲ አባት” አለች ኤቢሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “በአምፖል ቢሞከር አይሻልም?”

“አምፖል የሚያስፈልገው ሥራውን ለማያምን ሰው ነው።”

“ትንሽ የቀረ ነገር እንዳለ…”

ገቢሳ ዞሮ አያት። ፊቱ ቀልቷል። “አንቺ ምን አገባሽ እዚህ ውስጥ? ሂጂ ለሰውዬው ሻይ አምጪለት።”

ጋሮማ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ መደርደሪያው ዞረ። በሰው ቤት የባልና ሚስት ነገር ሲመጣ ሌላ ምን ያደርጋል።

ኤቢሴ መናገር ትችል ነበር። ኦፕቶዋ አልገባችም፣ አትሰካው፤ ሌላ ቃል አያስፈልገውም ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለችውን ዕቃ እያየቻት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ጋሮማ “እርስዎ እንዴት አወቁ?” ማለቱ አይቀርም፤ መጋረጃውም፣ ግራሶውም፣ ሳሉም በአንድ ቃል ያበቃሉ። አንድም በዚህ ዝም አለች። አንድም ደግሞ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ እልህ ያዛት። ጣቷ አሁንም ይጠዘጥዛል። ስትሠራ የከረመችው እሷ፣ ሻይ አምጪ የምትባለውም እሷ። እስቲ ይሰካውና ያየዋል አለች በሆዷ።

ገቢሳ ሰካው።

ቴሌቪዥኑ በራ። ጋሮማ ጎንበስ ብሎ ከፊት ለፊቱ አየውና ሳቀ። “ይኸው። እኔ ምን አልኩ? የገቢሳ እጅ ነው እኮ።” ስክሪኑ ላይ የፋብሪካው ስም ወጣ፤ ብርሃኑ ጥሩ ነበር፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ ጥሩ። ገቢሳ አንገቱን ቀና አደረገ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብሎ አይታው አታውቅም፤ ለአፍታ ያህል ምናልባት ተሳስቼ ይሆን፣ ምናልባት ገብታ ይሆን ብላ ራሷን ጠየቀች።

ከዚያ ጠሽ አለ። ስሙ ከስክሪኑ ጠፋ፣ ብርሃኑ ጠፋ፣ ከዋናው ቦርድ ቀጭን ጭስ ተነሣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ጓዳዋን ሞላት። ኤቢሴ ዘልላ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለች።

ውጭ የባጃጁ ሾፌር ቸኩሎ ጡሩምባ ነፋ።

“ምንድን ነው የሆነው?” አለ ጋሮማ።

ገቢሳ ወደ ቦርዱ አጎነበሰና ባዶውን የኦፕቶ ቦታ አየ። ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ዕቃ። ገባው። ይህን ሥራ ዕድሜውን በሙሉ የሠራ ሰው ነው፣ ወዲያው ነው የገባው። ቀና ሲል ኤቢሴ ዓይኑን ልታየው ሞከረች፤ አላሳያትም።

“እሷ ናት” አለ።

“ማን?”

“ሚስቴ። እኔ በማልኖርበት ትነካካለች። አትንኪ ስላት አትሰማም። ይኸው ዕቃ ነቅላ ትታብኛለች፣ እኔ አስተካክዬ የጨረስኩትን።”

ጋሮማ ወደ ኤቢሴ ዞረ፤ የእውነት የገረመው ይመስላል። “አዴ ኤቢሴ? ቲቪ ይነካካሉ እንዴ?”

ኤቢሴ ከፋሲካ ወዲህ ስንት ቴሌቪዥን፣ ስንት ሪሲቨር፣ ስንት ስፒከር በዚች ጓዳ ሠርታ አስነሥታለች፤ በአንዱም ስሟ ተነሥቶ አያውቅም። እሺ ብላ ነው፣ ቅር ሳይላት ነው። አሁን ስሟ ሲጠራ ለዚህ ነው? ደግሞ የሚያበሳጨው፣ ገቢሳ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ፈርቶ ነው። ጋሮማ ከዚህ በር ሲወጣ “የገቢሳ እጅ አበቃለት” ብሎ እንዳይወጣ ፈርቶ፣ በእጁ የመጣለትን ነገር ወረወረ፤ በእጁ የመጣችለት እሷ ነበረች።

ጋሮማ አንገቱን አከከ። መጥፎ ሰው አይደለም፣ ግን ማታ ኳስ አለ። “እንግዲህ ሰው ይሳሳታል” አለ። “አዴ ኤቢሴ፣ አይቀየሙኝ፣ ለመርዳት ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ኦቦ ገቢሳ፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችውን ቲቪ ባለፈው ክረምት ሠርተውልኝ ይኸው እስከ ዛሬ ኮሽ ብላ አታውቅም። በእርስዎ እተማመናለሁ። ሌሎቹን አወርዳቸዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ።”

“ምን?”

“እርስዎ ብቻ ይንኳቸው። የእሳቸው እጅ እንዳያርፍባቸው።”

“እኔ ብቻ” አለ ገቢሳ ፈጥኖ። “እግዚአብሔር ይመስክር፣ ከእኔ በቀር ማንም አይነካቸውም።”

ጋሮማ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ሾፌሩን ለመጥራት ወደ በሩ ሄደ።

ኤቢሴ ባሏን አየችው። አሁን ግን እሱም አያት። ዓይኑ ይለምናል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ወለል ብሎ ታያት። ቴሌቪዥኖቹ ይወርዳሉ፤ ሱቁ ይቆያል፤ ባኮ መሄድ ይቀራል። እሷ ደግሞ እንዳትነካ የተማለባትን ዕቃ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትነካለች፣ ታስነሣለች፣ ጋሮማም መጥቶ “የእሳቸው እጅ ስላላረፈበት ነው” ይላል። ለዚያ ደግሞ ታመሰግናለች፣ ሻይም ታመጣለች። ኪራዩም፣ እንጀራውም፣ የጊፍቲ ደብተርም ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው ያለው፤ ታውቀዋለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

“ኦቦ ጋሮማ፣ አያውርዷቸው” አለች።

ጋሮማ በሩ ላይ ዞረ። “ምን አሉ?”

“ማሎ፣ ኤቢሴ” አለ ገቢሳ በልመና። አማርኛውን ትቶ ወደ ቤታቸው ቋንቋ የሚገባው ሲጨንቀው ነው።

“የሪሴፕሽኑን ቲቪ የሠራሁት እኔ ነኝ” አለች። “ያኔ ገቢሳ ታሞ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ከዚህ ሱቅ የወጣውን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የእኔ እጅ እንዳይነካቸው ከፈለጉ፣ እዚህ ሌላ እጅ የለም። ይውሰዷቸው።”

ጋሮማ አንዴ እሷን፣ አንዴ ገቢሳን አየ። ከዚያ ዓይኑ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ወደ ቀረው ቀኝ እጅ ወረደና እዚያ ቆየ። ገቢሳ እጁን ለመሸፈን ወደ ጎን ዞረ፤ መዞሩ ራሱ ነገረው።

“ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?” አለ ጋሮማ በመጨረሻ፣ ከልቡ አዝኖ። “በጸሎት እናስባችሁ ነበር እኮ።”

ጸሎቱን በእርግጥ ያደርጉ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን ግን ለናትናኤል ነበር የሚሰጡት። ኤቢሴ ይህን አልተናገረችውም። “የተቃጠለውን ይተዉት” አለች። “እኔ አስነሥቼ እመልሰዋለሁ። ለሱ ክፍያ የለውም።”

“እሺ፣ እሱ ይቆይ። ሌሎቹን… እስቲ ላስብበት።”

“ያስቡበት።”

ሄደ። ባጃጁ ተነሥቶ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሲታጠፍ ኤቢሴ ከበሩ ሆና አየችው፤ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አስፋልቱ ላይ ሚኒባሶች ያልፋሉ፣ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት የተቀቀለ በቆሎ ትሸጣለች፣ ማንም ወደዚህ የዞረ የለም። ሱቁ እስከ መቼ የእነሱ እንደሆነ አሰበች። የበሩን መቃን ያዘች።

ተመልሳ ስትገባ ገቢሳ እሷ የምትሠራበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ ከታመመ ወዲህ እንባው ቅርብ ነው። አዘነችለት። ተናደደችበትም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃታት።

“ገደልሽኝ” አለ።

“አልገደልኩህም።”

“ነገ ከተማው ሁሉ ያውቃል። በምን ዓይኔ ነው ሰው የማየው? ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትዪ።”

“ዝም ብዬ ነው እኮ የተቃጠለው” አለች ኤቢሴ። “ኦፕቶዋ አለመግባቷን እያየሁ ነው የሰካኸው። አፌ እያለ ዝም አልኩ። ለጋሮማ አልዋሸሁትም፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።”

ገቢሳ ለረጅም ጊዜ አያት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኤቢሴ አላባበለችውም፤ ሌላ ቀን ቢሆን ታባብለው ነበር። መነጽሯን አድርጋ የተቃጠለውን ዋና ቦርድ ብሎኖች ፈታች፣ ወደ ብርሃኑ አውጥታ ቁጥሩን አነበበች። አንድ ሁለት ዕቃ ተቀይሮለት የሚድን አልነበረም። ሙሉ ቦርዱ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት።

ስልኩን ከባሏ የደረት ኪስ አወጣች። መርካቶ ካለው ዕቃ አቅራቢ ጋር እስከ ዛሬ የሚያወራው ገቢሳ ነበር፤ እሷ ቁጥሩን በጆሮው እየሾከሾከችለት። ደወለች።

“ሃሎ፣ ኦቦ ገቢሳ?” አለ ሰውዬው።

“አይደለሁም። ከአምቦ ነው፣ ከሱቁ። አንድ ሜይን ቦርድ ፈልጌ ነበር።” ቁጥሩን አነበበችለት። ሰውዬው ከስልኩ ራቅ ብሎ ሲፈልግ፣ ካርቶን ሲያነሣ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር ተሰማት።

“አለ” አለ ተመልሶ። “ከሰዓት በሚወጣው ሚኒባስ እልከዋለሁ። ሾፌሩ መናኸሪያ ይጠብቃችኋል። እንደ ሁልጊዜው ገቢሳ ብዬ ልጻፍበት አይደል?”

ገቢሳ ከግድግዳው ሳይዞር አንገቱን ቀና አድርጎ ይሰማል።

“ኤቢሴ ብለህ ጻፍበት” አለች። “ሄጄ የምቀበለው እኔ ነኝ።”